ጣሪያው ላይ ምን እንጫን? እና ሌሎች የባለ ፎር ዊሎች ጥያቄዎች

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደብዳቤ ይበዛብኛል። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ መውጣት ያምረዋል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ መኪናው ላይ አንድ ነገር ካላንጠለጠለ እንቅልፍ አይወስደውም። የዘንድሮዎቹም ጥያቄዎች ከዚህ አይርቁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር 75 ሀርድ ቶፕ አለኝ፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የቶዮታ ናፍታ ሞተር ነው። ከጓደኞቼ ጋር በባሌ አድርገን ወደ ኦሞ ልንወርድ አስበናል። የሰፈራችን በያጅ ከቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ጠንካራ ፖርቶመጋላ፣ ማለትም የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ልሥራልህ ብሎኛል። ሁለት ስኮርታ (መለዋወጫ) ጎማ፣ አራት ጀሪካን ናፍታ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ድንኳንና አካፋ እላዩ ላይ ላደርግ ነው። የቱቦላሬው ውፍረት ስንት ይሁን? (ከአዳማ)

መልስ፦ በያጁን መጀመሪያ ቆይ በለው። ሒሳብ እንሥራ።

20 ሊትር ናፍታ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የብረት ጀሪካኑን ስትጨምርበት 21 በለው። አራቱ 84 ኪሎ ሆኑ። ሁለቱ የውኃ ጀሪካኖች ከ40 ያልፋሉ። ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬው (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር) ከ30 ኪሎ አያንስም፤ ሁለቱ 60። ድንኳኑ፣ ገመዱ፣ አካፋውና ሌላው ኮተት 30 ይሁን። አሁን ወደ በያጁ እንምጣ። 40 በ40 የሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ሜትሩ 2.4 ኪሎ ነው። እንዳልከው ጠንካራ ፖርቶመጋላ 25 ሜትር ብረት ይበላል። ይኸው 60 ኪሎ። ድምሩ 275 ደረሰ። አራት ጎልማሶች ጣሪያህ ላይ አስቀምጠህ ባሌን ልትወጣ ነው ማለት ነው።

ሀርድ ቶፕ ረጅምና ጠባብ መኪና ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይመስልህም። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ መኪናው በጎኑ ሲያዘነብል ግን ያ ሁሉ ኪሎ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ይስበዋል። ሳይገለበጥ ቢቀር እንኳ ጠጠር መንገዱ አለልህ። የፖርቶመጋላው እግሮች የሚያርፉበት የጣሪያው ጠርዝ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውኃ ያስገባል፣ ውኃው ዝገት ያመጣል። ቡሎኖቹም ቢሆኑ በየማታው ካልጠበቁ ይላላሉ።

ስለዚህ አንድ በአንድ እናውርደው። ናፍታውን በተመለከተ ከሥር ጎንበስ ብለህ እይ፤ ሁለት ታንክ ያላቸው ሀርድ ቶፖች አሉ። ያንተ ከነሱ ከሆነ ጀሪካኑን እርሳው። አንድ ታንክ ብቻ ከሆነም ሁለት ጀሪካን ይበቃሃል፣ እሱም ከውስጥ በደንብ ታስሮ። ደግሞ ብዙ ማደያ በጀሪካን አይቀዳልህም፤ መንገድ ላይ ሞላለሁ ብለህ አትተማመን። ሁለተኛውን ስኮርታ ተወውና በምትኩ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ የመለጠፊያ ዕቃ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ሌቫና ጥሩ የንፋስ ፖምፓ ያዝ። ውኃው ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰፊ ሆኖ ቀላል የሆነ ነገር ነው፦ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ። ለዚህ ደግሞ 60 ኪሎ ብረት አያስፈልግም።

የበያጁን ገንዘብ ምን ላድርገው ካልከኝ፣ መሳቢያ ሥራበት። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩት አግዳሚ ወንበሮች ካሉ ፍታቸው። የወንበሮቹ የቡሎን ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ ይቀራሉ። የመሳቢያውን ሣጥን በነሱ እሠረው። እንጨቱን በቪስ ላሜራ ላይ የሚመታ አናጺ ካጋጠመህ መልሰው፤ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ሣጥኑ ማጅራትህ ላይ ነው የሚያርፈው።

እንጨቱ ፕላይውድ ይሁን። ቺፕውድ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ቪሱን ይተፋል። ሁሉም ሰው 18 ሚሊ ሜትር ይገዛል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። 122 በ244 የሆነው ባለ 18 ሚሊ ፕላይውድ 32 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ባለ 12 ግን 21 ይሆናል። ሁለት ሉክ ብትጠቀም 22 ኪሎ አተረፍክ። ማዕዘኖቹን በአንግል ብረት ካጠነከርክ 12 ሚሊው ይበቃል።

የመሳቢያው መንሸራተቻ ላይ ገንዘብ አታፍስስ። የኩሽና መሳቢያ ላይ የሚገጠመው ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ አቧራ ሲገባበት ይነክሳል። ነጩን የፕላስቲክ መክተፊያ ግዛ። በቀጭን በቀጭኑ ቁረጠውና ከሣጥኑ ወለልና ጎን ላይ ለጥፈው። እንጨቱ በሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ዘይት አይፈልግም፣ አቧራም አይዘው። (ግዛ ነው ያልኩት። ቤት ያለውን አትንካ።) ክሪኩንና መፍቻውን ከታች፣ ከኋላው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት አድርገው። መቆለፊያውም እጅ ካልነካው የማይከፈት ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ በር የሚገባው አቧራ ልብስህንም ዳቦህንም ያበላሻል። የበሩን ጎማ ቀይር። ከዚያ መስኮት ሁሉ ዘግተህ የፊቱን ነፋስ ማስገቢያ ክፈትና ፋኑን አብራ። ከውስጥ የሚገፋው አየር አቧራውን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ከኋላ መስኮት ከፍተህ መንዳት ግን አቧራ መጋበዝ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የእርስዎን ዓምድ ሳያነብ አያድርም። ውጤቱን ልንገርዎት። በረንዳዬ ጋራዥ ሆኗል። ካምቢዮ (የመኪና ማርሽ ሣጥን) ከልብስ ማጠቢያው ጎን ተቀምጧል። ሴራሚኩ ዘይት ጠጥቷል። ስናገረው «አሁን አነሣዋለሁ» ይላል። ሰብስቤ ለቆራሌ ልሽጠው? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቆራሌውን ይመልሱት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አሮጌ ካምቢዮ ቀልድ አይደለም። ሶማሌ ተራ ያሉ ነጋዴዎች ይህን ከባለቤትዎ ቀድመው ያውቃሉ። በኪሎ ከሸጡት በኋላ መልሰው በስንት እንደሚገዙት ቢያስቡ ይደነግጣሉ።

ግን በረንዳው የእርስዎም ነው። ከበረንዳው አንድ ጥግ ይስጡት፤ ወሰኑንም በቀለም ያስምሩበት። ምን አለሽ ተራ ግማሽ በርሜል በቁመቱ ቆርጠው፣ ጠርዙን አጥፈው ሰፊ ትሪ ይሠሩልዎታል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። የፈሰሰ ዘይት ላይ ውኃ አይድፉ፣ ይባስ ይሰፋል። ሰጋቱራ በትነውበት ይደርና ጠዋት ይጠረግ። ሴራሚኩ መሐል ያለው ስሚንቶ ውስጥ የገባውን ግን በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ባለቤትዎ ይፈግፍጉት። ይህን ሲያነቡ ይስሙ።

ሌላው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወረቀት ይለጠፍ። ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው መኪና እንደሆነ፣ መቼ እንደመጣ ይጻፍበት። ባለቤትዎ ራሳቸው ምን እንደሆነ መጻፍ ያቃታቸው ዕቃ ካለ፣ ያኔ ቆራሌውን ይጥሩት።

የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ወይም አጥሩ ሥር እንዳይደፉ ግን አደራ። አፈር ውስጥ ገብቶ የጉድጓድ ውኃ ያበላሻል። እጅ ላይ ደጋግሞ ሲነካም ቆዳ ይጎዳል። በራሱ ዕቃ ተጠራቅሞ ዘይት ወደሚቀየርበት ጋራዥ ይመለስ።

ጥያቄ፦ ከጎባ ወደ ሳነቴ ስወጣ መኪናዬ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይሞታል። ታች ግን ምንም የለበትም። ጓደኛዬ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ግጠምበት ይለኛል። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው። (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ሞተርህ አየር አጥሮት ነው። እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4377 ሜትር ነው። ሳነቴ ሜዳው ራሱ 4000 ይደርሳል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። የናፍታ ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም፤ ታች የሚረጨውን ያህል ናፍታ ይረጫል። አየር ያላገኘው ናፍታ በጥቁር ጭስ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይም ቢሆን ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነው ቀርቷል፤ ስለለመድነው ነው የማይታወቀን። አንዳንድ ፓምፖች ከፍታውን አይተው ናፍታ የሚቀንስ ክፍል አላቸው። ያንተ ላይ ካለ ፓምፕ ሠሪ ይሥራልህ።

ከዚያ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ እየው። ከሻሸመኔ እስከ ጎባ የሰበሰብከው አቧራ እዚያ ነው ያለው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል አትርገጥ። ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ይዙር። ጭሱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም ብዙ አይለወጥም። የተጫነውንም አራግፍ፤ ለአዳማው ልጅ የጻፍኩትን አንብበው። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየነደደ ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ነጭ ሆኖ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ ካንዴሌታዎቹን (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያሞቁትን) አስመርምር።

ቱርቦውን በተመለከተ ሰዎች ይገጥማሉ፣ የሚሠራላቸውም አሉ። እኔ አልመክርህም። የዋን ኤች ዜድ ናፍታ የሚቀጣጠለው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ቱርቦ ሙቀቱን ሲያበዛው እዚያ ጋ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ዋን ኤች ዲ ቲ የሚባል ሌላ ሞተር ነው የሠራው። ይህ ሞተር ብዙ ዓመት የኖረው ስላልተጨነቀ ነው። ሳነቴ ላይ ለምትቆያት ሰዓት ብለህ አታስጨንቀው። ቀስ ብለህ ውጣ፤ ቀይ ቀበሮም የምታየው ቀስ ስትል ነው።

ጥያቄ፦ እንግዳ ይዤ ዳሎል እመላለሳለሁ። ስመለስ ላቫጆ ላይ ከሥር አጥበው ናፍታ ይረጩልኛል። ጎሚኒ (ብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) ግን ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው። መንገዱ ነው ወይስ ሌላ? የጎማውስ ንፋስ ስንት ይሁን? (ከመቀሌ)

መልስ፦ መንገዱም ነው፣ ናፍታውም ነው። ናፍታ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ያለሰለሰውን ጎሚኒ መንገዱ ይጨርሰዋል። ከዚያ ሁሉ ቅባት በኋላ አቧራው ተለጥፎ ይደርቃል፣ ሥሩ ያለውን ዝገትም ይደብቅብሃል። እንዳይረጩ ንገራቸው።

ጨው የሚፈልገው ብዙ ንጹሕ ውኃ ነው። ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የተሸከመው ብረት) ጎንና ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። የውኃውን ቱቦ እነሱ ውስጥ ከትተህ ከሌላው ጫፍ የሚወጣው ውኃ ጥርት እስኪል አጥብ። ሰው ከውጭ ያለውን አጥቦ ይመለሳል፣ ሻንሲው ግን ከውስጥ ነው የሚበላው። የባሌስትራ (ከሥር ያለው የተደራረበ ስፕሪንግ) ቅጠሎቹን መሐል፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድና የፍሬኑን ቱቦዎችም አትርሳ። መቀሌ እስክትገባ አትጠብቅ፤ ውኃ የምታገኝበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ጀምር። ሲደርቅ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገህ አንቲረስት ቀባ።

ስለ ንፋሱ፣ ደረቅ የጨው ሜዳ ላይ መቀነስ አያስፈልግም። እርጥብ ሆኖ ከሥሩ ጭቃ ካለው ደግሞ ንፋስ አያድንህም፤ የቀድሞውን የጎማ ዱካ አትልቀቅ። አሸዋ ላይ 18 ፒኤስአይ ድረስ አውርደው፣ ብዙ ከተጫነ ትንሽ ከፍ አድርገው። ወደ ኤርታሌ ስትጠጋ፣ አሸዋው አልቆ የእሳተ ገሞራው ዐለት ከመጀመሩ በፊት ግን መልሰህ ሙላው። በላላ ጎማ እዚያ ዐለት ላይ ከወጣህ ጎኑን ይቆርጠዋል። የጎማ ጎን ደግሞ በመለጠፍ አይድንም። ፖምፓ የሌለው ሰው ንፋስ ባያወርድ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። መኪና የለኝም፣ በቅርቡም አይኖረኝም። ግን ኦፍ ሮድ እብድ ያደርገኛል። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሂድና ልርዳህ በለው። የመጀመሪያው ቀን ቸርኬ ያስጠርግሃል፣ አትኩራ። ሜዳ ላይ መኪና የሚያቆመው ነገር በአብዛኛው ጎማ ነው። መኪና ያላቸው ሰዎች ደግሞ ጎማ መፍታትና መለጠፍ የሚያውቅ ልጅ ሲያገኙ ወንበር አያጡለትም። ክሪክ የት እንደሚገባ፣ ጎማው ከመነሣቱ በፊት ዳዶው (የጎማው ማሰሪያ) መላላት እንዳለበት፣ ሌቫ እንዴት እንደሚያዝ እዚያ ትማራለህ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የድሮ መኪኖች ላይ ባለ ቀለበት ቸርኬ ታያለህ። ቫልቩ ወጥቶ ንፋሱ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ቀለበቱን አትንካው። ሲሞላም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ አንተም ከፊቱ አትቁም። ያ ቀለበት ከወጣ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው «ችግር የለውም» ካለህ ሌላ ጎሚስታ ፈልግ።

ቱታህን ይዘህ ሂድ። የእናትህን ፎጣ ግን ተወው።