ጎንደርን በሁለት ቀን፣ ከግቢው እስከ ቁስቋም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ ነገር ግን በልጅነቴ ስለወጣሁ በደንብ አላውቃትም። ያለኝ ሁለት ቀን ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከፋሲል ግቢ ጀምር፤ በሩ እንደተከፈተ ግባ። ብዙ ሰው ፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል፤ በጣም ያስቆጫል። ግቢው 900 ሜትር ገደማ በሆነ አጥር የተከበበ ነው፤ ውስጡም የአንድ ንጉሥ ቤት ብቻ አይደለም። ከደቡብ ወደ ሰሜን ብትሄድ ዘመኑን ተከትለህ ትሄዳለህ። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእሳቸው ግንብ ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የዝማሬ አዳራሽ፣ መጨረሻ ላይ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ቤቶች ይመጣሉ። የኢያሱን ቤት በ1696 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ በቦምብ ተመታ። ጣሪያውን ያጣው በዚህ ነው።

ስትወጣ በውጭ በኩል አጥሩን ዙረው። ከበሮቹ ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሚገባባቸው ሰው ሥራ ነው፦ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ አዛዥ ጥቁሬ በር። አስጎብኚህ በሮቹን ካላነሣልህ አንተው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ላይ አንዳንድ ቦታ ነጣ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ግራጫ ልስን አየሁ። የቱ ነው የጥንቱ?

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ። ነጣ ያለው ኖራ ነው፤ ግንቡ መጀመሪያ የተሠራው በጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። ግራጫው ሲሚንቶ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ሲጠገን በሲሚንቶና በአርማታ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኖራ ክረምት የጠጣውን እርጥበት በጋ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣና ድንጋዩን ይልጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በኋላ የተደረገው ጥገና ብዙውን ሲሚንቶ እያነሣ ወደ ኖራ መልሶታል። እባክህ መገጣጠሚያውን በጥፍርም በቁልፍም አትፋቀው፤ ኖራ ለስላሳ ነው፣ የተፋቀበት ቦታ ውሃ ያስገባል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የትኛውን ማየት ትችላለች?

መልስ፦ ፋሲል ቤተ መንግሥት ፎቁ ላይ መውጣት ይቅርባቸው፤ ደረጃው ይከብዳቸዋል። ሜዳው ላይ ጥላ ፈልገው ይረፉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴና የፋሲል መዋኛ በባጃጅ ደጃፉ ድረስ ያደርሳሉ። ባጃጁን ኮንትራት ያዙና ዋጋውን መጠበቂያውን ጨምራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው መጠበቂያው ሳይነሣ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በስንት ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን። ውስጡ ጨለም ይላል፤ ፍላሽ ክልክል ነው፣ ቀለሙን ይጎዳል። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ወዲያው ወደ ጣሪያው አታንጋጡ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ ከመቅደሱ ግድግዳ ጀምሩ፦ ላይ ሥላሴ፣ ታች ስቅለት። ጣሪያው ላይ በአግዳሚዎቹ መሀል የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች በኋላ ተመልከቷቸው። ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ላየ የአንዱ ዓይን ወዲህ፣ የሌላው ወዲያ ነው። ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች፤ አባቶች ንብ ጠበቃት ይላሉ።

ጥያቄ፦ መዋኛው ውሃ አለው? ባለፈው የሄደ ጓደኛዬ ደረቅ ነው አለኝ።

መልስ፦ እውነቱን ነው። ዓመቱን ሙሉ አይሞላም፤ ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይገባበታል። ውሃውን ማየት የሚፈልግ ለጥር 10 ከተራ ይድረስ፤ ታቦታቱ እዚያው ያድራሉ፣ 11 ንጋት ላይ ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ይጠመቃል። ቦታ ለመያዝ ሳይነጋ መግባት ነው፤ ስልክ በፌስታል ጠቅልሉ። በ12 ቃና ዘገሊላ የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ያለው ጭፈራም እንዳያመልጣችሁ። ደረቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ አጥሩን አንቀው የያዙትን የዛፍ ሥሮች በቅርብ ማየት ይቻላል። የግቢው ቲኬት እዚህም ስለሚያገለግል አትጣሉት።

ጥያቄ፦ ቁስቋም መሄድ ግድ ነው? ፍርስራሽ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ለእኔ ግድ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ርቀው ኮረብታው ላይ የሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ። የእሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያው ነው። ከመዋኛው ቀጥሎ በዚያው ኮንትራት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። መጨረሻው ላይ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ።

ጥያቄ፦ 44ቱን ታቦታት፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ ማዳረስ ይቻላል?

መልስ፦ በሁለት ቀን አይሆንም። አንድ ምረጡ ካላችሁኝ በዓታ፤ የጎንደር አቋቋም (የማኅሌት ዜማና ዝማሜ ትምህርት) ምስክር ቤት፣ ማለትም መምህራኑ የሚመረቁበት ቦታ ነው። ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊት ነጠላ ለብሳችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ቀን ብጨምርስ?

መልስ፦ ጣና ዳር ጎርጎራ፣ ደብረ ሲና ማርያም። በባሕር ዳር መንገድ ለሚመለስ ደግሞ እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ አለ፤ ከጎንደር ግንቦች በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው። ደባርቅና ሰሜን ተራሮች 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጥድፊያ ይሆናል፤ ለብቻው ጊዜ ስጡት። ለሁሉም ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው።