ከሃርት አታክ በኋላ የፓይለት ሜዲካልን ማስመለስ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ቨርጂኒያ የሚኖሩ የ41 ዓመት የበረራ አስተማሪ ከ4 ወር በፊት ሃርት አታክ ደርሶባቸው አንድ ስቴንት (የጠበበ የልብ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸዋል። አሁን ደህና ናቸው። የሁለተኛ ክፍል ሜዲካላቸው (ለክፍያ ለሚበር ፓይለት የሚያስፈልገው የጤና ሰርተፊኬት) ጊዜው አላለፈም። ሐሳባቸው ቻርተር ድርጅት (በኪራይ በረራ የሚያካሂድ) መግባት ነበር። ልብረር ወይስ ሙያ ልቀይር ይላሉ።

እንኳን ተረፉልን። ሙያ ለመቀየር ገና ነው፤ ለመብረር ግን አይችሉም። የሰርተፊኬቱ ቀን ባያልፍም፣ የአሜሪካ አቪዬሽን ደንብ 61.53 ለሜዲካል የማያበቃ ሕመም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አብራሪ ሆኖ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሃርት አታክና የታከመ የልብ ቧንቧ በሽታ ደንቡ በስም ከዘረዘራቸው 15 ከልካይ ሕመሞች መካከል ናቸው። ስለዚህ የሚጠይቁት በ67.401 የሚሰጠውን፣ የጊዜ ገደብ ያለበትን ልዩ ፈቃድ ነው።

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው ፋይሉ ሳይሟላ ወደ አቪዬሽን ሐኪም (ሜዲካል እንዲሰጥ መንግሥት ወደ ሾመው ሐኪም) በመሮጥ ነው። ሐኪሙ የሜድኤክስፕረስ (በኢንተርኔት የሚሞላ የሜዲካል ቅጽ) ማመልከቻዎን አንዴ ከከፈተው ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይከለክላል፣ ወይ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የሜዲካል ቢሮ ያስተላልፋል። በእርስዎ ሁኔታ ጎዶሎ ፋይል ይዞ መሄድ ማለት ኦክላሆማ፣ ከዚያ «ይህ ይጨመር» የሚል ደብዳቤ፣ ከዚያ ወራት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «ለምርመራ ሳይሆን ለምክክር ነው» ይበሉ፤ ቅጹን አይሙሉ። የልብ ሕመም ፋይል ማዘጋጀት የለመደ ሐኪም ይፈልጉ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የሚሰበስቡት የሆስፒታሉን የመግቢያና የመውጫ ማጠቃለያ፣ የካቴተር ምርመራውንና የስቴንቱን ሪፖርት ከነምስሉ በሲዲ፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ውጤት፣ የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ እንዲሁም የልብ ሐኪምዎን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለአቪዬሽን ሐኪሙ ሲቀርብ ከ90 ቀን በላይ የቆየ አይሁን። «መብረር ይችላል» የሚል አንድ መስመር ዋጋ የለውም። የደረት ሕመም አለ ወይስ የለም፣ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት አምጥቷል ወይ፣ የክትትል ዕቅዱ ምንድን ነው፣ ወደፊት ምን ይጠበቃል፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ ይፈለጋል።

ከሁሉ የሚያሰናክለው የትሬድሚል ምርመራው ነው። በብሩስ ፕሮቶኮል (ፍጥነቱና ዳገቱ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የትሬድሚል ምርመራ) ቢያንስ 9 ደቂቃ መሮጥና የልብ ምትን ወደ ከፍተኛው ግምት ማድረስ ይጠበቃል፤ ግምቱ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ስለሆነ ለእርስዎ 179 ነው። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የልብ ሐኪምዎ ከፈቀደ ብቻ ከምርመራው በፊት ለ48 ሰዓት ይቆማል፤ በራስዎ ግን እንዳያቆሙ። ማጠቃለያው ብቻ አይበቃም፣ የኢሲጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ንባቡን) መስመሮች ሁሉ ይጠይቁ። ለሁለተኛ ክፍል ምርመራው በኑክሌር ምስል (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተወግቶ የልብን የደም ፍሰት የሚያሳይ) የታገዘ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ስልቱ። ስቴንቱ የገባው በግራው ዋና የልብ ቧንቧ ካልሆነ፣ ለሦስተኛ ክፍል የሚጠበቀው የማገገሚያ ጊዜ 3 ወር ነው፤ ለሁለተኛ ክፍል 6። ለማስተማር ሦስተኛ ክፍል ይበቃል። አንዴ በልዩ ፈቃድ ሦስተኛ ክፍል ካገኙ ደግሞ ወደ ቤዚክሜድ (በአቪዬሽን ሐኪም ሳይመረመሩ ለመብረር የሚያስችል ቀለል ያለ መንገድ) መሻገር ይቻላል፤ ማንኛውም የግዛት ፈቃድ ያለው ሐኪም በየ48 ወሩ ያይዎታል፣ የኢንተርኔት ትምህርቱን በየ24 ወሩ ይወስዳሉ፣ በክፍያ ማስተማርም ይፈቀድልዎታል። ለቻርተር ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ቤዚክሜድ ይዘው ለሁለተኛ ክፍል ቢያመለክቱና ቢከለከሉ ቤዚክሜዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ እይታ ሦስተኛውን አሁን ይጠይቁ። ቻርተሩን ደግሞ የኑክሌር ምርመራው ውጤት በእጅዎ ገብቶ ንጹሕ መሆኑን ካዩ በኋላ ብቻ ይሞክሩ።

እስከዚያ ድረስ ሥራ አይፍቱ። አንድ አስተማሪ፣ የበረራው ኃላፊ አብራሪ ወይም አስፈላጊ የበረራ አባል ሆኖ እስካልሠራ ድረስ፣ ሜዲካል አያስፈልገውም። ፈቃዱና ሜዲካሉ የተሟላ፣ ራሱ ለበረራው ኃላፊ መሆን የሚችል ፓይለትን ማሠልጠን ይችላሉ። ጀማሪን አይችሉም፤ ዓይኑን ሸፍኖ በመሣሪያ ብቻ የሚበርንም አይችሉም፣ ያኔ እርስዎ ጠባቂ ፓይለት (ውጭውን የሚያይለት አስፈላጊ የበረራ አባል) ስለሚሆኑ። ሲሙሌተርና የክፍል ትምህርት ክፍት ናቸው። የበረራ ዲስፓቸርነትም (በረራን ከመሬት ሆኖ የማቀድና የመከታተል ሥራ) ሜዲካል አይጠይቅም፤ ትምህርቱ ቢያንስ 200 ሰዓት ነው።

«ማን ያውቃል» ብሎ መደበቅን የሚመክርዎ ወዳጅ አይጠፋም። በእኛ ዘንድ በሽታን ምስጢር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ቅጹ ግን በሕይወትዎ ዘመን የደረሰብዎትን የልብ ሕመምና ያለፉትን 3 ዓመታት የሐኪም ጉብኝት ይጠይቃል። የሐሰት መልስ እስከ 5 ዓመት እስራትና 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል የፌዴራል ወንጀል ነው፤ የፓይለት ፈቃዱም ሊሰረዝ ይችላል።

ሐኪሙ ቢከለክልዎ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ኤር ሰርጀን (የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ዋና ሐኪም) በጽሑፍ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ ማመልከቻውን እንደተዉት ይቆጠራል። ከተሰጠዎት ደግሞ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ የተጻፉትን ምርመራዎች ጊዜው ሊያልፍ 2 ወይም 3 ወር ሲቀረው ይጀምሩ፤ የልብ ሐኪም ቀጠሮ በአንድ ሳምንት አይገኝም።