ቀኑ ለምን ሰርቨሩ በተነሳበት ዕለት ላይ ይቆማል?

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬዳዋ ለአንድ የዕቃ መጋዘን የመመዝገቢያ ሲስተም በጃንጎ፣ በፓይተን ቋንቋ የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሠርቻለሁ። ፎርሙ ሲከፈት የዛሬው ቀንና የሠራተኛዋ ቅርንጫፍ ተሞልተው እንዲጠብቁ ፈልጌ ነበር። ቀኑ ግን ሰርቨሩን ባስነሳሁበት ዕለት ላይ ቆሟል። ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል፣ በነጋታው ያው ነው። ቅርንጫፉም የሳቢያን ቅርንጫፏ ልጅ ስትገባ ሳይቀር «ከዚራ» ይላል።

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነሽና አንቱታውን ትቼዋለሁ።

«ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል» ያልሽው ብቻውን በሽታውን ይናገራል። ፎርሙ ውስጥ ኢኒሻል (አስቀድሞ ተሞልቶ የሚታየው) የሚለው ቦታ ላይ «ዴት ዶት ቱዴይ» ብለሽ ባዶ ቅንፍ አስከትለሻል፣ አይደል? በፓይተን ያ ቅንፍ «አሁኑኑ ሥራው» ማለት ነው። የፎርሙ ክላስ ደግሞ የሚነበበው ፋይሉ ኢምፖርት ሲደረግ (ሰርቨሩ ተነስቶ ሲጭነው)፣ አንዴ ብቻ ነው። ጠዋት ሰዓት አይተሽ ወረቀት ላይ ጻፍሽና ቀኑን ሙሉ ለጠየቀሽ ሁሉ ያንን ወረቀት አሳየሽ እንደማለት ነው። ቅንፉን አጥፊው። ፈንክሽኑን ራሱን ስትሰጪው ጃንጎ ፎርሙን ባሳየ ቁጥር ይጠራዋል።

እግረ መንገድሽን ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ዞኑን እዪ። አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ካለ ፎርሙ የትናንቱን ቀን ይሞላል። ዞኑን ወደ አፍሪካ አዲስ አበባ ቀይሪና ከጃንጎው ታይምዞን የአካባቢውን ቀን የሚሰጠውን «ሎካልዴት»ን ተጠቀሚ፣ እሱንም ያለ ቅንፍ። መጀመሪያ ግን መጋዘን ጠባቂውን ጠይቂው፤ እኛ አገር ሌሊት 8 ሰዓት የገባን ዕቃ «የትናንት» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ቅርንጫፉ ሌላ ጉዳይ ነው። የፎርሙ ክላስ ማን እንደገባ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቪው፣ ጥያቄውን ተቀብሎ ገጹን የሚያዘጋጀው ኮድ፣ ነው። ክሪኤት ቪው (የጃንጎ ዝግጁ የአዲስ መዝገብ ቪው) ከሆነ ኢኒሻሉን የሚሰጠውን «ጌት ኢኒሻል»ን እንደገና ጻፊው፦ በሱፐር፣ የወላጅ ክላሱን በሚጠራው፣ የቀደመውን ዲክሽነሪ (የስምና የዋጋ ዝርዝር) ተቀበይ፣ ከሪኩዌስቱ ዩዘር ቅርንጫፉን ጨምሪበት፣ መልሽው። ሱፐርን አትዝለይው፤ ኮፒ የሚሰጥሽ እሱ ነው። ክላሱ ላይ ያለውን ዲክሽነሪ በቀጥታ ከነካሽው የአንዷ ሠራተኛ ቅርንጫፍ ለሌላዋ ይተርፋል። ቪውሽ ተራ ፈንክሽን ከሆነ ፎርሙን ስትፈጥሪ ኢኒሻሉን አብረሽ አቀብዪ። ከቪው የመጣው ፊልዱ (የፎርሙ መሙያ ቦታ) ላይ የተጻፈውን ይሽረዋል።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ያንኑ «ጌት ኢኒሻል» ማረሚያው ገጽ ላይም፣ አፕዴት ቪው ላይ ማለት ነው፣ ገልብጬ ለጠፍኩት። ከቪው የሚመጣ ኢኒሻል ግን ዳታቤዝ ውስጥ ያለውንም ይሸፍናል። የአንዱ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሌላውን መዝገብ የአንዲት ፊደል ስህተት ሊያርም ይከፍታል፣ ሴቭ ሲል ዕቃው በዝምታ ወደ ራሱ ቅርንጫፍ ይዞራል። ቆጠራ እስኪደርስ ማንም አላወቀም። ማረሚያው ገጽ ላይ አታስገቢው።

ኢኒሻል ደግሞ ማሳያ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ቦታውን አጥፍታ ብትልክ ባዶውን ነው የምታገኚው፣ ጃንጎ መልሶ አይሞላልሽም። ቅርንጫፉ እንዲታይ፣ ግን እንዳይነካ ከፈለግሽ ፊልዱን ዲስኤብልድ (የማይነካ) አድርጊው፤ ያኔ ብራውዘሩ የላከው ይጣልና ኢኒሻሉ ይወሰዳል። ፊልዱን ደብቆ መላክ ግን መቆለፊያ አይደለም፣ ብራውዘር ላይ ገብቶ መቀየር የልጅ ሥራ ነው። እኔ ብሆን ቅርንጫፉን ከፎርሙ ጨርሼ አወጣውና ፎርሙ ትክክል ሆኖ ሲገኝ በሚጠራው «ፎርም ቫሊድ» ውስጥ፣ ከመቀመጡ በፊት፣ ከዩዘሩ ወስጄ ኢንስታንሱ (የሚቀመጠው መዝገብ) ላይ እጽፈው ነበር።