የተሰበረ ፍሎረሰንት አምፖል ላይ መጥረጊያ አያንሡ

አንዲት አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ ጠመዝማዛው ፍሎረሰንት አምፖላቸው ከጠፋ በኋላም በጨለማ ብልጭ ይል ነበር። ሊቀይሩት ሲያዞሩት መስታወቱ ተሰብሮ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ የፕላስቲክ እግሩ ግን ከመያዣው አልወጣም። መያዣውን ከዚህ በፊት አንድ ሠራተኛ ቀይሮት ነበር።

ከሁሉ በፊት መጥረጊያም ሆነ የአቧራ መምጠጫ ማሽን አያንሡ። ሕፃናትም እንስሳትም ከክፍሉ ይውጡ። መስኮቱን ከፍተው፣ የአየር ማቀዝቀዣም ካለ አጥፍተው፣ ወደ ሌላው ክፍል የሚያሻግረውን በር ዘግተው ይውጡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተው ይመለሱ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው መስታወቱን ነው፤ እኔ የምፈራው ነጩን ዱቄት ነው። አምፖሉ ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሜርኩሪው ተን ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ያወጣል፤ መስታወቱን ከውስጥ የቀባው ዱቄት ያንን ጨረር ተቀብሎ ወደምናየው ብርሃን ይለውጠዋል። አምፖሉ በሠራ ቁጥር ሜርኩሪው ቀስ በቀስ ዱቄቱ ላይ ይጣበቃል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፣ በአንድ የድሮ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ውስጥ ካለው በብዙ ያነሰ። ነገር ግን ካልተነሣ ለቀናት መትነኑን አያቆምም። መጥረጊያ ዱቄቱን ይበትነዋል፤ የመምጠጫ ማሽን ደግሞ ተኑን ማስቀረት ስለማይችል መልሶ አየር ላይ ይነፋዋል፣ ራሱም ይበከላል።

ስለዚህ ጓንት አድርገው ስብርባሪውን በሁለት ጠንካራ ካርቶን ይሰብስቡ። ከምንጣፉ ላይ የቀረውን ደቃቅ በሚያጣብቅ ፕላስተር እየነካኩ ያንሡ፤ ጠንካራ ወለል ከሆነ ደግሞ በእርጥብ ሶፍት ይጥረጉት። የተጠቀሙበትን ሁሉ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ይክተቱ፤ ብልቃጥ ከሌለ በሁለት ፌስታል ያሽጉ። ቀድመው ጠርገው ከሆነ መጥረጊያውም አብሮ ይታሸግ። ዱቄት የነካው ልብስ አይታጠብም፣ ይጣላል። ክፍሉን ለጥቂት ሰዓታት ያናፍሱት፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ወደ መያዣው። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ጠቋሚ መብራት ከሌለ፣ ያ ብልጭታ የሚያስጠረጥረኝ ሠራተኛው ማጥፊያውን በፌዙ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) ፋንታ ኒውትራሉ (መላሹ ሽቦ) ላይ እንዳሰረው ነው። እንዲህ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ! ይህን የመሰለ ሥራ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ብሬከሩን ያውርዱ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር (በመፈተሻ መሣሪያ) ያረጋግጡ፣ ከዚያ የፕላስቲክ እግሩን በፒንሳ ይዘው ወደ ግራ ያዙሩት። እግሩ ተጣብቆ የቀረው፣ በእኔ ግምት፣ የርካሽ መያዣ ስስ መዳብ ላልቶ ስለጋለ ነው። ሴራሚክ መያዣ ይግጠሙ፤ ፌዙ በማጥፊያው በኩል ወደ መካከለኛው መገናኛ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥምዝማዛው ቀለበት ይሂድ። አዲሱን አምፖል ኤልኢዲ ያድርጉት፤ ሲያስገቡትም ሲያወጡትም እግሩን ይያዙ።

የታሸገውን ከቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያቆዩት። በአካባቢዎ አደገኛ ቆሻሻ የሚረከብ ክፍል ካለ ለእነርሱ ያስረክቡ። ከሌለ እንደታሸገ ይጣል እንጂ ፈጽሞ አይቃጠል፤ እሳት ሜርኩሪውን በአንድ ጊዜ ወደ አየር ይለቀዋል። ምንጣፉን በሚቀጥሉት ሳምንታት ሲያጸዱም መስኮቱን ከፍተው ይሁን፤ መምጠጫ ማሽኑን ደግሞ አሁንም ገና አያንሡት።