ጄሶው ከታሰረ በኋላ

አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ጠየቀችኝ፦ "እናቴ በረንዳ ላይ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። 58 ዓመቷ ነው። ጄሶ ታስሮላታል። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ?"

ምነው ያኔም እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በነበረ!

የአጥንት ክፍል ነርስ ሆኜ ነው ያረጀሁት። አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጡ። እርጥብ ድንጋይ አዳልጧቸው አንጓቸው ተሰብሯል። ወጌሻው በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ ቀዝቅዘዋል። ቶሎ ፈታነው። ሙቀቱ ሲመለስ ክፍሉ ሁሉ እልል አለ። ቀኑን ሙሉ ወጌሻውን ስናማ ዋልን። (ወጌሻን አልንቅም፤ ጎበዝ ጎበዝ አሉ። ግን የታሰረ እጅ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ይፈታና ሐኪም ይየው። በዚህ ሰበብ እጁ የተቆረጠ ልጅ አይቻለሁ።)

በደስታው መሀል አንድ ነገር ሳይነሳ ቀረ። ሰው ቆሞ ሲሄድ ስለወደቀ ብቻ አጥንቱ ለምን ይሰበራል? ሴትዮዋ ለአስም ብለው ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን ሲውጡ ኖረዋል። መድኃኒቱ ፌስታል ውስጥ አብሯቸው ነበር። ይህ መድኃኒት ሲቆይ አጥንት ያሳሳል። ልጃቸው ደግሞ "ቀሚሷ ረዝሞባት መሬት ይጠርጋል" ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ለካ የጀርባ አጥንታቸው እየተጨፈለቀ እሳቸው እያጠሩ ነበር።

በኋላ በቃሬዛ መጡ። ከመደብ ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን አልሳሙም።

እናንተ ልጆች ለ200 ሜትር ባጃጅ ትጠራላችሁ። እኛ ይህን ከተማ በብስክሌት ነበር የምናካልለው። እውነቱን ካወራን ግን ብስክሌትም ለልብ እንጂ ለአጥንት ያን ያህል አይደለም። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ነው፤ በእግር መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ገመድ መዝለል። የአጥንት ጥሪት የሚጠራቀመውም እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው። ስለ ወተትና ጎመን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አንቺ ግን እናትሽን ይዘሻት ተመለሺ። ከ50 ዓመት በኋላ በቀላል አወዳደቅ የመጣ ስብራት የአጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂው። የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ፣ ቁመቷ ቀንሶ እንደሆነ ንገሪው። የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ፕሬድኒሶሎን ካለበት ደግሞ በራሷ እንዳታቆመው፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ከሆነ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ ነው።