ፒን ፒን የሚለኝ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ አዘዞ ትንሽዬ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬን አንድ ልጅ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሳደገልኝ ወዲህ ጠዋት ስከፍተው ፒን አስገቢ ይለኛል፣ የድሮው ፓስወርዴ የሚጻፍበት ቦታ ራሱ የለም። ፒኑን የሞላው ልጁ ነው፣ ሠራተኛዬም ታውቀዋለች። ልቀይር ብዬ ደግሞ እንዳይቆለፍብኝ ፈራሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሞልቶበታል።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ፓስወርድሽ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም። መጀመሪያ የተማሪዎቹን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ከዛ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ግቢና ወረድ ስትዪ በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚገባ ሰው ዊንዶውስ ሄሎን (በፒን፣ በፊት ወይም በጣት አሻራ መግባትን) ብቻ ፍቀድ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ እሱን አጥፊው፣ ሪስታርት ስታደርጊ የፓስወርዱ ምርጫ ይመለሳል። ፒኑን ግን ዛሬውኑ ቀይሪ፣ እዛው ገጽ ላይ ቼንጅ ፒን ስትዪ አሮጌውን ይጠይቅሻል አዲሱን ሁለቴ ትጽፊያለሽ አለቀ፣ በቃ 1234 እንዳታደርጊው እንጂ።

ፒን እኮ መጥፎ አይደለም፣ እዛችው ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ያስገባሻል። የማይክሮሶፍት ፓስወርድ ግን ከሌላ ኮምፒውተርም አካውንትሽን ስለሚከፍት ለሠራተኛም ቢሆን አይሰጥም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ እዛው አካውንትስ ውስጥ ዩር ኢንፎ የሚለው ላይ የማን ኢሜይል ነው የተጻፈው? የልጁ ከሆነ ኮምፒውተርሽ የሚከፈተው በእሱ አካውንት ነው ማለት ነው፣ እዛው ሎካል አካውንት (እዛችው ማሽን ላይ ብቻ ያለ አካውንት) የሚለውን መርጠሽ የራስሽን ስምና ፓስወርድ ሙዪበት።