አንሶላ ያልሆነው «ሺት»፦ ከጀማሪ ባሕረኞች የተላኩ ጥያቄዎች

ግራና ቀኝ እያለ «ፖርት» እና «ስታርቦርድ» ማለት ለምን አስፈለገ?

ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች «ወደ ግራ!» ሲባሉ ወዴት እንደሚሄዱ ያስቡት። ፖርት ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሲመለከቱ በግራዎ የሚገኘው ጎን ነው፤ እርስዎ ቢዞሩም እሱ ባለበት ይቀራል። ቀኙ ስታርቦርድ ነው። ድሮ ጀልባ የሚመራው በቀኝ ጎኗ በታሰረ መቅዘፊያ ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ። ግራው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ላርቦርድ» ይባል ነበር። በማዕበል መሃል ሁለቱ ስሞች ሲጮኹ እንዴት እንደሚምታቱ መገመት አያቅትም፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም በ1844 እ.ኤ.አ. «ፖርት» በሚለው ተካው። ማታ ፖርት ቀይ፣ ስታርቦርድ አረንጓዴ መብራት ያበራል።

«በሰዓት 6 ኖት እንሄዳለን» ብል ተሳቀብኝ።

«በሰዓት» የሚለው ኖት ውስጥ አለ። 1 ኖት በሰዓት 1 የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። ትርጉሙ ቋጠሮ ነው፤ መርከበኞች ቋጠሮ ያለበት ገመድ ወደ ባሕር እየለቀቁ፣ የአሸዋ ሰዓቱ እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር።

አሠልጣኜ «ሺቱን ሳብ!» ሲለኝ ሸራውን ያዝኩ።

በትምህርት ቤት ሺት አንሶላ ነው ተብለን ስላደግን አይፈረድብዎትም። ጀልባ ላይ ግን ሺት ሸራውን የምናጠብቅበትና የምናላላበት ገመድ ነው። ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ሌላ ገመድ ነው፤ ሃልያርድ ይባላል።

ታክና ጃይብ ልዩነታቸው አልገባኝም። ሁለቱም መታጠፍ አይደሉም?

ናቸው፤ የሚያስፈራው ግን አንዱ ነው። ጀልባ ቀጥታ ወደ ነፋሱ መምጫ መሄድ አትችልም፤ ከነፋሱ በግራም በቀኝም ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ፈቀቅ ማለት አለባት። ስለዚህ ወደ ነፋሱ የሚሄድ ሰው እየተጠማዘዘ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ጥምዝ አፍንጫዋ ነፋሱን ሲያቋርጥ ታክ ነው። ያኔ ሸራው ነፋስ አጥቶ ይርገበገባል፤ ቡሙም (የሸራውን የታች ጠርዝ የያዘው አግዳሚ እንጨት ወይም ብረት) ያለ ብዙ ኃይል ወደ ሌላው ጎን ያልፋል።

በጃይብ ነፋሱን የሚያቋርጠው የጀልባዋ ኋላ ነው። ሸራው ነፋስ እንደሞላ ስለሚገለበጥ ቡሙ እንደ ዱላ ይወነጨፋል። ሰው ገድሎ ያውቃል። ስለዚህ መሪውን ከማዞርዎ በፊት ሺቱን ስበው ቡሙን ወደ መሃል ያምጡ፣ ጓደኞችዎን ጮኸው ያስጠንቅቁ፣ ራስዎም ጎንበስ ይበሉ። ለጀማሪ የምመክረው ነፋሱ ከበረታ ጃይቡን ትቶ ዙሪያውን በታክ መመለስን ነው። ማንም አይታዘብዎትም።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቢያስመልሰኝ በየት በኩል ልጎንበስ?

ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ዊንድዋርድ፣ የሚሄድበት ሊዋርድ ነው። በሊዋርድ በኩል ይጎንበሱ። ጀልባዋ የምታዘነብለውም ወደዚያው ስለሆነ በአንድ እጅዎ ጠንካራ ነገር ይያዙ።